ሐዘን በስንኝ ሲወርድ፦ ሰው ለመጽናናትና ለጸሎት ወደ ግጥም የሚዞረው ለምንድን ነው?

በከተሞቻችን በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ንባቡ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በግጥም ነው። የትውልድ ቦታው፣ የተማረበት ትምህርት ቤት፣ ያገለገለባቸው መሥሪያ ቤቶችና የልጆቹ ቁጥር በዝርው ከተነገረ በኋላ ከቤተሰቡ አንዱ የጻፈው አራት ወይም ስምንት ስንኝ ይከተላል፤ ለቀስተኛው ዕንባውን መቆጣጠር የሚያቅተውም በአብዛኛው እዚያ ላይ ሲደረስ ነው። ግጥሙን የጻፈችው የሟች ልጅ ከዚያ ቀን በፊት አንድም ስንኝ ገጥማ የማታውቅ፣ የግጥም መጽሐፍም ካነበበች ዓመታት ያለፏት ሰው ልትሆን ትችላለች። በደስታዋም በሥራዋም ቀን ግጥም አላስፈለጋትም፤ እናቷ ስትሞት ግን ወረቀት ይዛ ተቀመጠች። ይህ የአንድ ቤተሰብ ጠባይ ሳይሆን በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የሚታይ ነገር ስለሆነ ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ግጥም የስሜት ቋንቋ ነው» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ብዙ አያስረዳም፤ ዋይታም፣ ስድብም፣ ዝምታም ስሜትን ይገልጻሉና። የተሻለ መልስ ለማግኘት ግጥም ለሐዘንተኛና ለጸሎተኛ ምን ሥራ እንደሚሠራለት ማየት ያስፈልጋል። በእኔ አመለካከት ከባድ ሐዘን የደረሰበትን ሰው የሚያስጨንቀው የቃላት ማነስ ሳይሆን ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ሐዘኑ ወሰን የለውም፤ ሊናገረው የሚፈልገውንም ነገር በግልጽ ለመናገር ፈቃድ የለውም። ግጥም ለመጀመሪያው ልክ ያበጅለታል፤ ለሁለተኛው ፈቃድ ይሰጠዋል። ሁለቱም በደንብ የሚሠሩት ደግሞ ሰሚ ሲኖር ነው፤ ሰሚው ለቀስተኛው ሕዝብ ሊሆን ይችላል፣ ፈጣሪም ሊሆን ይችላል።

በአማርኛ ቃል ግጥም በጣም ከተለመዱት ምጣኔዎች አንዱ ወል ቤት የሚባለው ነው። እያንዳንዱ ስንኝ በሁለት ሐረጎች ተከፍሎ በየሐረጉ ስድስት፣ በድምሩ 12 ቀለም (የድምፅ ምት) ይይዛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ከሞቱ በኋላ የተባለውና እስከ ዛሬ በልዩ ልዩ አነጋገር የሚደገመው ግጥም በዚሁ ልክ የተሠራ ነው፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አላውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ይህን ግጥም ድምፁን አውጥቶ ያለ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ስንኙ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ በሐረጎቹ መካከል አጭር ዕረፍት አለ፤ መጨረሻው ላይ ቤት ሲመታ ትንፋሹ ወጥቶ ያበቃና አዲስ ይሳባል። የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ ግን የተቆራረጠ ነው፤ ሳግ ያንቀዋል፤ ቃሉን ሳይጨርስ ዕንባ ይቀድመዋል። ስንኝ የሚያወርድ ሐዘንተኛ እንግዲህ፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት፣ ትንፋሹን በልክ እየሳበ በልክ ያወጣል። ጩኸቱ ይቀራል ማለት አይደለም። ጩኸቱ መነሻና ማረፊያ ያገኛል ማለት ነው።

ይህን የሚደግፉ ምርምሮች አሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ በጣሊያን ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት 23 ጤናማ ሰዎችን የካቶሊካውያንን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ እንዲሁም የዮጋ ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል ቃል) እያስደገመ ትንፋሻቸውንና የልብ ምታቸውን መዝግቧል። በሁለቱም ጊዜ የሰዎቹ ትንፋሽ በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር፤ የልብ ምታቸውና የደም ዝውውራቸውም ከዚያ ዝግ ያለ ምት ጋር ተስማምቶ ታይቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የጥንት ግሪኮችን ባለ ስድስት እግር ስንኝ በጀርመንኛ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ባነበቡ ሰዎች ላይ የልብ ምትና የትንፋሽ መገጣጠም አግኝቷል። በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ የተሠራና በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ምርምር ሰዎች ግጥም ሲሰሙ ሰውነታቸውን የሚወርራቸው ብርድ ብርድ የሚል ስሜት በተለይ በስንኝና በአርኬ (በስንኞች ክፍል) መዝጊያ አካባቢ እንደሚበረታ አሳይቷል፤ በዚያው ቅጽበት ፊታቸው ላይ የሐዘን ምልክት ይታይ የነበረ ሲሆን ስሜቱን ግን ደስ የሚል አድርገው ቆጥረውታል። ሐዘንና ደስታ አብረው መምጣታቸው ሙሾ ሰምቶ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንም። ከእነዚህ ጥናቶች አንዱም ግጥም በሽታን ያድናል አይልም፤ የሚሉት ልክ ያለው ንግግር በሥጋ ላይ የሚለካ ሥራ ይሠራል ነው።

ልኩም ፈቃዱም አብረው ጎልተው የሚታዩት በሙሾ ነው። በገጠር ለቅሶ አልቃሽ ወይም ሙሾ አውራጅ የምትባለው ሴት (አንዳንዴም ወንድ ሊሆን ይችላል) ሥራዋን የምትጀምረው በመጠየቅ ነው። የሟቹን አባት አገር፣ የልጆቹን ስም፣ በጎልማሳነቱ የሠራውን፣ በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜ ማን እንዳስታመመውና ማን እንደራቀው ትጠይቃለች። ከዚያም ለቀስተኛው በከበበው ሜዳ መካከል ቆማ ያንን ዝርዝር እየሰካካች በስንኝ ታወርደዋለች፤ ሕዝቡም ደረቱን እየደቃ ይቀበላታል። ለድካሟ እህል ወይም ገንዘብ ሲሰጣት የኖረ ስለሆነ «በኪራይ ዕንባ ምን መጽናናት አለ?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጥያቄው የአልቃሿን ሥራ ካለማስተዋል የመጣ ይመስለኛል። ልጇ የሞተባት እናት በዚያች ሰዓት ስንኝ የመግጠም አቅም የላትም፤ አልቃሿ የምታበድራት ቃሉን ነው፤ ዕንባው የእናቲቱ የራሷ ነው።

የሙሾ ጥበብ አንዱ ክፍል ሞትን በጥቅሉ አለማልቀሱ ነው። «ሞት ጨካኝ ነው» ብሎ ነገር ለማንም አይጠቅምም። አልቃሿ የሟቹን በሬ በስሙ ትጠራለች፤ የተሰቀለ ጋሻውን ወይም ጠመንጃውን፣ ባዶውን የቀረ መደቡን ታነሣለች፤ እንደ ኑሮውም ፈረሱ ተጭኖ በለቅሶው መካከል የሚዞርበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወደ ሕያዋን ትዞርና እኅቱን፣ ሚስቱን፣ የክርስትና ልጁን አንድ በአንድ በስማቸው ትጠራለች። የተጠራ ሰው ተነሥቶ በተራው ያለቅሳል፤ ሌሎቹ ያን ጊዜ ያርፋሉ። ለቅሶው እንዲህ ተራ ስላለው አንድ ሰው ብቻውን ቀኑን ሙሉ አይሸከመውም። ከቀብሩ በኋላም ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ሐዘኑ ቀን ተቆርጦለታል፤ በመካከሉ ንፍሮና ቡና፣ የዕድርተኛ ወሬ፣ የጎረቤት መግባትና መውጣት አለ። ግጥሙ የሚሠራው በዚህ ሁሉ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ተነጥሎ የሚሠራ መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይመስለኝም።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ በሙሾ የሚነገረው ነገር በሌላ ጊዜ ቢነገር ጠብ የሚያስነሣ ሊሆን ይችላል። ሚስት የባሏን ዘመዶች በሕመሙ ጊዜ ስለራቁት ትወቅሳለች፤ እኅት ርስት የተካፈሉትን ወንድሞቿን ትነካካለች፤ እናት ፈጣሪን ለምን ከእኔ በፊት እሱን ወሰድህ ትለዋለች። ይህን በተራ ንግግር ያለች ሴት መልስ ይሰጣታል፣ ትገሠጻለችም፤ በስንኝ ያለችውን ግን ሰሚው ተቀብሎ ያለቅስበታል፤ በማግሥቱም በአብዛኛው የሚያነሣባት የለም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ከልክ ያለፈ ለቅሶን የሚከለክሉበት የታወቀ ምክንያት አላቸው፤ ተስፋ የሌለው ሰው መስሎ ማልቀስን ይነቅፋሉ። ነገር ግን ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሐዘንተኛው በራሳቸው መንገድ ልክና ዜማ ያለው ቃል ይሰጡታል።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ የሚቀርበው ዳዊት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ንባብ የሚለምደው በዳዊት ነው፤ ካደገም በኋላ 150ውን መዝሙር ለሰባቱ ዕለታት ከፍሎ የሚደግም ምእመን ብዙ ነው፤ አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል። የምስጋና መጽሐፍ ተብሎ ቢታወቅም ከመዝሙሮቹ ሲሶ ያህሉ የእሮሮ መዝሙሮች ናቸው። 12ኛው መዝሙር (በሌላው አቆጣጠር 13ኛው) «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። አንድ ምእመን ከራሱ አፍልቆ እግዚአብሔርን ረሳኸኝ ለማለት ይፈራል፤ ኃጢአት እንዳይሆንበት ይሠጋል። ዳዊት ግን አስቀድሞ ብሎታል፤ ቤተ ክርስቲያንም ቃሉን ጸሎት አድርጋ ተቀብላዋለች። ስለዚህ ሰውየው ቅሬታውን ሲያሰማ ከሥርዓት አይወጣም። አብዛኞቹ የእሮሮ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ መታመን ይመለሳሉ፤ 87ኛው (በሌላው አቆጣጠር 88ኛው) ግን ሳይመለስ ወዳጅ በመራቁና በጨለማ ላይ ያበቃል። መጽናናት ላልመጣለት ሰው እንዲህ ያለ መዝሙር በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ መኖሩ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከብዙ የማጽናኛ ንግግር ይበልጣል።

ሌላው የፈቃድ መንገድ ሰምና ወርቅ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) ይውልና ማታ ከመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ሲደርስ በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገርን ይለማመዳል። ለማኅሌት የሚቀርበው ቅኔ በየበዓሉ አዲስ መሆን አለበት፤ ያለፈውን መድገም እንደ ቅኔ አይቆጠርም። ይህ ሕግ ለመንፈሳዊ ሕይወት ትልቅ ትርጉም ያለው ይመስለኛል፤ ባለቅኔው የዘንድሮውን ልቡን ይዞ እንዲመጣ ያስገድደዋልና። በሰሙ የዕለቱን ቅዱስ ያመሰግናል፣ በወርቁ ደግሞ ርኃቡን፣ ስደቱን፣ የገዢውን ግፍ ይናገራል፤ የሚገባው ይገባዋል። መልክእ የሚባለው የግጥም ዓይነት ግን የሚሸፍነው ነገር የለም፤ «ሰላም ለ...» እያለ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የጌታን፣ የእመቤታችንን ወይም የቅዱሱን አካል በየአርኬው እየጠራ ሲወርድ፣ የታመመ ሰው የራሱን አካል እያሰበ አብሮ ሊወርድ ይችላል። በዐቢይ ጾም ባለ አሥር አውታሩን በገና ይዞ በዝግታ፣ ሹክ በሚመስል ድምፅ ስለ ሞቱ የሚደረድር ሰውም የሚሠራው ከዚህ የራቀ አይደለም።

በወሎ ያለው የመንዙማ ልማድ የሰሚን ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። መንዙማ ነቢዩን የሚያወድስ፣ ወልዮችን (ቅዱሳን ሰዎችን) የሚጠራ፣ ፈጣሪን የሚለምን ግጥም ሲሆን የወሎ ሼሆች በዐረብኛም በአማርኛም ገጥመውታል፤ አማርኛውንም በዐረብኛ ፊደል ጽፈው በዐጀም አቆይተውታል። ከእነርሱ መካከል በዐፄ ዮሐንስ ዘመን በግዳጅ ሃይማኖት የማስለወጥን አዋጅ የተቃወሙት ሼህ ጦልሐ ጀዕፈር ይገኙበታል፤ የስደትና የመከራ ዘመን ግጥምን እንደሚያበረክት የሚያሳይ ምሳሌ ነው። መንዙማ ብቻን ተቀምጦ የሚነበብ አይደለም። በወዳጃ ጊዜ ሰው በአንድ ቤት ተሰብስቦ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ዱዓ ይደረጋል፤ አንዱ ሲያወርድ ሌላው አዝማቹን ይቀበላል። የሚሰበሰቡበት ምክንያት የዝናብ መጥፋት፣ የልጅ ማጣት ወይም የአንድ ሰው ሕመም ሊሆን ይችላል። ታማሚው ስለ ራሱ ብዙ መናገር አይጠበቅበትም። ጉዳዩ ለፈጣሪ ይቀርብለታል፤ የሚያቀርብለትም ሃምሳ ሰው ሆኖ በአንድ ድምፅ ነው። ብቸኝነት የሕመም ግማሽ ለሆነበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ዘመናዊው የሥነ ልቦና ጥናት ወደዚህ ጉዳይ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር ጄምስ ፔኔቤከርና የሥራ ባልደረባው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በተከታታይ አራት ምሽቶች ለ15 ደቂቃ ያህል አንዳንዶቹ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር፣ ሌሎቹ ስለ ተራ ነገር እንዲጽፉ አደረጉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት ወዲያው ሲጨርሱ ስሜታቸው ይበልጥ ከፍቶ፣ የደም ግፊታቸውም ጨምሮ ነበር፤ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነው። መጀመሪያ አስለቅሶ ቆይቶ ማቅለሉ ከሙሾ ጋር ይመሳሰላል። በኋላ የተደረጉ ትንታኔዎች ደግሞ ይበልጥ የተጠቀሙት፣ ቀን በቀን ሲጽፉ «ምክንያቱም»፣ «አሁን ገባኝ» የሚሉ ዓይነት ቃላት እየበዙላቸው የሄዱት ሰዎች መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ማለትም የተበተነው ነገር ቅርጽ ሲይዝላቸው ነው። ነገር ግን በ2006 እ.ኤ.አ. 146 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ጥቅሙ መኖሩን ቢያረጋግጥም መጠኑ ትንሽ መሆኑን ገልጿል። ሰዎቹ የጻፉት ዝርው መሆኑን፣ የጻፉትም ለብቻቸው፣ ብዙ ጊዜም ማንም መልስ የማይሰጥበትን ጽሑፍ መሆኑን ሳስብ ትንሽነቱ አይገርመኝም፤ ልኩም ተቀባዩም የሉበትምና።

ከአገር ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች የጎደለው ይኸው ተቀባይ ነው። በልማዳችን መርዶ የሚነገረው ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው በሰው መካከል ሆኖ እንዲያለቅስ ተደርጎ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ያሉ ወገኖቻችን ይህን ለማቆየት ብዙ ይደክማሉ፤ ወሬውን ደብቀው፣ እርስ በርስ ተደዋውለው፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ ማልደው ቤቱ ይደርሳሉ። በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ግን መርዶው የሚደርሳት በስልክ ነው፤ በአሠሪዋ ቤት ጮኻ ማልቀስ አትችልም፤ በነጋታው ሥራ አለባት። እንዲህ ያለች ልጅ በሌሊት ስንኝ ብትጽፍ ወይም አጉረምርማ ድምፅዋን ብትቀርጽ ሥራ ፈትታ አይደለም። ለማሳያ ያህል እኔ በእርሷ አፍ፣ በዚያው በወል ቤት ልግጠም፦

ስልኩ ሲያቃጭል ደስ ይለኝ ነበረ፤
ዛሬ ግን ባነሣው እናቴን ቀበረ።

ስንኙ እናትን ስለ ማጣት በጥቅሉ የሚለው ነገር የለም፤ የሚይዘው አንድ ዕቃን ነው፤ ወቀሳውንም በሥራ፣ በስደት ወይም በፈጣሪ ላይ ሳይሆን በስልኩ ላይ ያሳርፋል። ልጅቷ በግልጽ ልትከስሰው የማትችለውን ሁሉ ስልኩ ተሸክሞላታል። ለአክስቷ ልካላት አክስቷ በስንኝ ብትመልስላት ደግሞ፣ ከሩቅም ቢሆን፣ ሙሾው ተቀባይ አገኘ ማለት ነው።

ግጥም የማይረዳበትም ጊዜ አለ። ለብቻ ሆኖ ያንኑ እንጉርጉሮ ወር ከወር የሚደጋግም ሰው ሐዘኑን እያቀለለ ላይሆን ይችላል፤ በስንኙ ውስጥ አዲስ ሰው፣ አዲስ ምክንያት፣ አዲስ ጥያቄ ካልገባ መብሰልሰል ይሆናል። እንቅልፍና ምግብ የጠፋበት፣ ሥራ መሥራት ያቃተው፣ ሞቱን የሚመኝ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ዳዊቱን ወይም መንዙማውን ከሕክምናው ጋር ሊቀጥል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የተራዘመ ሐዘን ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን፣ ለዚህም ቢያንስ ስድስት ወር ማለፉን ብቻ ሳይሆን ሐዘኑ የሰውየው ማኅበረሰብ፣ ባህልና ሃይማኖት ከሚጠብቁት በግልጽ ማለፉን ሐኪሙ እንዲመረምር ይጠይቃል። ስለሆነም ልማዳችንን የማያውቅ ሐኪም ፊት የቀረበች ሐዘንተኛ አርባው፣ ሰማንያውና ሙት ዓመቱ ምን እንደሆኑ፣ በእነዚያ ቀናትም ማን አብሯት እንዳለቀሰ ወይም ብቻዋን እንዳለፈቻቸው ለሐኪሙ መንገር ይኖርባታል።